ያልታጠፈው የጠረጴዛ ልብስ

ጥቅምት 4

ለተከበሩ አያቴ፣ ለአባባ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ እንዴት ነው? ዓይንዎስ? ጉልበትዎስ? እቴቴ ቤት ያለው አልጋ ይመችዎታል? እኛ ሁላችንም ደህና ነን። እማዬ ከኋላዬ ቆማ «እግዚአብሔር ይመስገን በይ» ስላለችኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን። አባዬ ሰላም ይልዎታል። ድንቡሼም ሰላም ይልዎታል፤ የፊት ጥርሱ ስለወለቀ «ሰላም» ሲል ያፏጫል።

ሰላምታ እንዲህ አስረዝሜ አላውቅም። ማለቁን ፈርቼ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ያለው ነገር ከብዶኛል።

አክስቴ እቴቴ፣ ይህን ደብዳቤ ለአባባ የምታነቢላቸው አንቺ እንደሆንሽ አውቃለሁ። እባክሽ መነጽርሽን አድርገሽ ቀስ ብለሽ አንብቢ። ለአንቺ የምለው ካለኝ «እቴቴ» ብዬ እጠራሻለሁ፤ የቀረው ሁሉ የእርሳቸው ነው።

አባባ፣ እቴቴ በስልክ እማዬን «ፌንጣ ለምን ዝም አለች?» ብላ የጠየቀቻትን ሰምቻለሁ። ይህን ያህል ጊዜ ዝም ያልኩት የምለው ጠፍቶኝ ነው። ለአባዬ ይህንኑ ብነግረው፣ ከሚልገው እንጨት ላይ ቀና ሳይል «እሷ የምትለው ከጠፋት ቀኑን መዝግቡልኝ» አለ።

እራት ላይ ሁላችንም የቀኑን ጥፋታችንን በምንናገርበት በማዕዳችን ሕግ፣ ጥፋት በስሙ ነው የሚጠራው። «ትንሽ ተሳስቼ ነበር» ያለ ሰው ዳቦው ሳይደርሰው እንደገና ይጠየቃል። ስለዚህ እርስዎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠው በጆሮዎ የሰሙት ቢሆንም፣ እኔ በስሙ እጠራዋለሁ።

ያን ሐሙስ እራት ላይ እንደ ሁልጊዜው መጽሐፍ ቅዱሱን ዘርግተው ያነቡልን ነበር። ድንቡሼ ካሮቱን በሹካ እየገፋ ሳህኑ ጠርዝ አድርሶታል። እርስዎም ከነቢዩ ቃል መሐል ድምፅዎን ሳይቀይሩ «ካሮቱን የሚንቅ ብላቴና ጉልበቱን ይንቃል» ብለው አነበቡ። ድንቡሼ ሹካውን ጥሎ «አባባ፣ ነቢዩ እኔን ያውቀኛል?» አለ።

አባዬ ሳቁን በውሃ ዋጠው። እርስዎ ግን አልሳቁም። መጽሐፉን ዘጉና «ዛሬ ጥፋቱን የምናገረው እኔ ነኝ» አሉ። ዓመት ሙሉ ፊደል አይታይዎትም ነበር። አርባ ዓመት በአንድ ዓይን የሰዓት ሆድ ሲመረምሩ ኖረው ዓይንዎ ደክሟል። እኛ ያነበቡልን የመሰለን ሁሉ በቃልዎ የያዙት ነበር። ቃሉ ሲጠፋብዎት ከራስዎ ይሞሉ ነበር፤ ቆይቶ ደግሞ ሳይጠፋብዎትም ለእኛ ይበጃል ያሉትን መጨመር ለመዱ። «ባሎች ሆይ፣ ስለ ቁልፍ ከመጮኻችሁ በፊት ኪሳችሁን ፈትሹ» የሚለውም የእርስዎ ነበር። (አባዬ ያን ቀን ኪሱን ሲፈትሽ ቁልፉን ስላገኘው ነቢዩን አልተከራከረም።) እማዬ አለቀሰች። ከእራት በኋላ እንደ ወትሮው የጠረጴዛውን ልብስ ከነፍርፋሪው ከአራቱም ማዕዘን ሰብስበው «የተባለው እዚሁ ታጥፏል» አሉ። አይቼዎታለሁ፤ ሌላ ቀን አንድ ጊዜ የሚያጥፉትን ያን ቀን ሦስት ጊዜ አጠፉት።

ሦስት ጊዜ የታጠፈውን እኔ እሁድ ዘረጋሁት።

በቤተ ክርስቲያናችን የወጣቶች ፕሮግራም ላይ አስቂኝ ጭውውት የሚያቀርብ ሰው ሲፈለግ እጄን አወጣሁ። ካፖርትዎን ለበስኩ። የሰዓት ማያ መነጽርዎን ግንባሬ ላይ ሰቀልኩ። የስልክ ማውጫ ዘርግቼ፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ በእርስዎ ድምፅ «አነበብኩ»። ካሮቱን አልኩ። ቁልፉን አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። የመዘምራኑ መሪ ሆዷን ይዛ ወንበር ላይ ተንከባለለች፤ መጋቢው መነጽሩን አውልቆ እንባውን ጠረገ። እኔም ሞቅ ስላለኝ እርስዎ ጭራሽ ያላሉትን ሁለት ሦስት ጨመርኩበት። ያኔ ነው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ያየሁዎት። ኮፍያዎን ጭንዎ ላይ አድርገው፣ ሰዓት እንደሚሞላ ሰው ጠርዙን በጣትዎ ቀስ እያሉ ያዞሩት ነበር።

ረቡዕ ሦስት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ቤታችን መጥተው «ለዓይንዎ ስንል ከመድረክ ንባብ ትንሽ ይረፉ» አሉዎት። ስለ ዓይን ሐኪም ብዙ አወሩ፤ ስለ እሁድ ግን አንዳቸውም አላነሱም። እርስዎ «ሻይ ቀዳችሁላቸው ወይ?» ብለው እማዬን ጠየቁ። ሐሙስ እራት ላይ መጽሐፉን ወደ አባዬ ገፉት፣ በሉ፣ ተነሱ። የጠረጴዛው ልብስ ሳይታጠፍ አደረ። ዓርብ ጠዋት «ለዓይን ሕክምና» ብለው በአውቶቡስ ሄዱ።

የማዕዱን ቃል ከቤት አወጣሁ። በአያቴ ጥፋት ሰው አስቄ ተጨበጨበልኝ። ስሙ ይህ ነው። ይቅርታ ያድርጉልኝ።

የልጅ ልጅዎ
ፌንጣ

ካፖርትዎን ቡሩሽ አድርጌ ሰቅዬዋለሁ። መነጽርዎም መሳቢያዎ ውስጥ ነው።

---

ጥቅምት 13

ለውድ የልጅ ልጄ፤

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። በቀን 4 የጻፍሽው ደብዳቤ በወቅቱ የደረሰኝ ሲሆን ይዘቱንም በጥሞና ተመልክቼዋለሁ።

ጉዳዩን በተመለከተ ያቀረብሽውን ይቅርታ በሙሉ ልብ የተቀበልኩት መሆኑን በደስታ እገልጻለሁ። ልጅነት ነው፤ አልፏል። አንቺ ምንጊዜም የዓይኔ ብርሃን፣ የልቤ አበባ ነሽ።

የዓይን ሕክምናው በመልካም ሁኔታ በመካሄድ ላይ ይገኛል። እዚህ ያለው የምግብና የመኝታ አገልግሎት እጅግ አጥጋቢ ነው። ለወላጆችሽና ለወንድምሽ ሰላምታዬን አቅርቢልኝ። ትምህርትሽንም በርትተሽ ተማሪ።

ከማክበር ሰላምታ ጋር
አያትሽ
(በአክስትሽ እጅ የተጻፈ)

---

ጥቅምት 20

ለአባባ፤

እንደምን አሉ? ደብዳቤዎ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ከመሥሪያ ቤት የተላከ ማስጠንቀቂያ መስሎኝ ነበር። «የምግብና የመኝታ አገልግሎት እጅግ አጥጋቢ ነው» የሚለውን ለእማዬ ሳነብላት የምትተኩሰውን ልብስ ትታ ሳቀች። እቴቴ፣ ይህችን መስመር ዝለያት፤ ያንቺን ሾርባ እናውቀዋለን። ከመቅጠኑ የተነሳ ከሳህኑ ሥር የተሳለው አበባ ቅጠሉ ተቆጥሮ ይታያል። እሺ፣ አሁን ማንበብሽን ቀጥዪ።

ይቅር ስላሉኝ በጣም አመሰግናለሁ። ደብዳቤውን ለሁሉም አነበብኩላቸው። አባዬ «እንዲህ በቀላሉ?» አለ። አባዬ አናጺ ስለሆነ ሳይጨናነቅ የገባ ምስማር አያምንም።

በስልክ ስለ ማዕዱ ጠይቃችሁ እማዬ «ደህና ነው» ብላችኋለች አሉ። እማዬ ነርስ ናት፤ ለሁሉም በሽተኛ እንዲሁ ነው የምትለው። እውነቱን እኔ ልንገርዎት።

ማንበቡን አባዬ ይዞታል። የእንጨት ልክ እንደሚናገር ሰው ያነባል፤ ርዝመቱን ብሎ፣ ስፋቱን ብሎ ይዘጋል። እሱን እንለምደዋለን። ጥፋት መናገሩ ነው የተበላሸው። ድሮ አባዬ «ዛሬ ደንበኛ ላይ ዋሽቻለሁ፤ በር አልቋል ብዬ ገና እንጨቱን አልገዛሁም» ይል ነበር፤ እኛም ከሱ ተምረን የራሳችንን እንናገር ነበር። አሁን ወደ እኔ አየት ያደርግና «ዛሬ… ጥፋቴ… ትንሽ ፈጠን ብዬ ሄጃለሁ» ይላል። እማዬ ደግሞ «ውሃ አብዝቼ ጠጥቻለሁ» አለች። ይህ በየትኛው ሕግ ነው ጥፋት የሆነው? እኔ ፊት ማንም እውነተኛ ጥፋቱን አያወጣም። አልተቆጡኝም፤ ዳቦውን እንደ ድሮው ያቀብሉኛል። ሰዎች ሌባ ያለበት ሱቅ ሲገቡ ቦርሳቸውን በብብታቸው እንደሚይዙት፣ እነሱም ነገራቸውን እንዲያ ይዘውታል። በገዛ ቤቴ።

ድንቡሼ ደግሞ ካሮት መብላት ጀምሯል። ይህን ስነግርዎት ደስ እንደሚልዎት አውቃለሁ፤ ነገር ግን ነገሩ እንዲህ ነው። እሱ እርስዎ የሄዱት በካሮቱ ምክንያት ይመስለዋል። ሳህኑን ጠርጎ ይበላና ወደ በሩ ዞሮ «ጨረስኩ፤ አሁን ይመጣሉ?» ይላል። አባዬ ያየኛል። እኔ ሳህኔን አያለሁ። ትናንት የእኔንም ካሮት ወስዶ በላው፤ ምናልባት የአንድ ሰው ካሮት አይበቃም ብሎ ይሆናል።

አንድ ነገር ላማክርዎት። የመዘምራኑ መሪ ለዓመታዊው ጉባኤ ያንን ጭውውት እንድደግመው ጠይቃኛለች። እንግዶች ስለሚመጡ «ያቺን የካሮቷን» ብላለች። መልስ አልሰጠኋትም። እርስዎ ይቅር ካሉኝ ወዲያ ግን፣ ካሮቱን ብቻ፣ ካፖርቱን ሳልለብስ፣ ማን እንደሆነ ሳልናገር ብሠራው ምን ይላሉ? ሁሉም ያውቀዋል ደግሞ።

ሌላም ጥያቄ አለኝ። ባለፈው ዓመት ፈተና ስኮርጅ የተያዝኩ ቀን ያስታውሳሉ? ወደ ማዕድ መግባት አፍሬ ኮሪደሩ ላይ ጫማ መደርደሪያው ጋ ቆሜ ነበር። እርስዎ ከውስጥ ጮክ ብለው «ያፈረ ልጅ ከበር ውጭ አይቁም፤ ወንበሩ አልተነሳም፣ ሳህኑም አልተከደነም» ብለው አነበቡ። እኔም ገባሁ። እሁድ በእራት ላይ ያንን ማንበብ እፈልጋለሁ። ሳምንት ሙሉ ፈልጌ አጣሁት፤ መዝሙሩን ጨርሼ ምሳሌው ላይ ደርሻለሁ። ካሮቱና ቁልፉ የእርስዎ እንደሆኑ አውቃለሁ። ይህ ግን የእግዚአብሔር ለመሆኑ ጥርጥር የለኝም፤ እኔን ያህል ግትር ከኮሪደር አስገብቷላ። የትኛው ምዕራፍ ነው?

መልስዎን የምጠብቅ
ፌንጣ

---

ጥቅምት 29

ለፌንጣ፤

ይህን የምጽፈው እኔ አክስትሽ ነኝ። በራሴ ስም፣ በራሴ ቃል።

በሦስት መስመር የላክሽልኝ መልእክት ደርሶኛል። «እቴቴ፣ አባባ አበባ ብለውኝ አያውቁም፤ ደብዳቤውን ማን ነው የጻፈው?» ብለሻል። እኔ ነኝ። ከመጀመሪያው ቃል እስከ መጨረሻው።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሠላሳ ዓመት የሥራ አስኪያጅ ጸሐፊ ነኝ። አለቃዬ «ያንን ጅል ዳግመኛ እዚህ እንዳይመጣ ጻፊበት» ሲለኝ፣ እኔ «ላደረጉልን ትብብር እናመሰግናለን፤ ወደፊት ስንፈልግዎ እናስታውቃለን» ብዬ እጽፋለሁ። እሱም ሳያነብ ይፈርማል። ሁለቱም ሰላም ያድራሉ። እኔ ሰው እንዲታረቅ እያደረግሁ ይመስለኝ ነበር።

የመጀመሪያ ደብዳቤሽን ለአባባ ሳነብላቸው አሳጠርኩት። ኮፍያውን ዘለልኩ። ጭብጨባውን ዘለልኩ። «በመድረኩ ላይ ስለተፈጠረው ሁኔታ ይቅርታ ትጠይቃለች» አልኳቸው። ምንም አልመለሱም። ተነስተው ክፍላቸው ገቡ። እኔም የዝምታቸውን መልስ ራሴ ጻፍኩልሽ።

ሁለተኛውን ደብዳቤም እንደዚያው እያሳመርኩ ሳነብ ቆይቼ የመጨረሻው ጥያቄሽ ላይ ደረስኩ። ምዕራፍ የሚጠይቅ ሰው ጥያቄ እንዴት ይሳመራል? እንዳለ አነበብኩት። አባባ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። «ያ ቃል የለም» አሉ። «አትፈልግ በያት። እኔ ነኝ የፈጠርኩት።» ከዚያም «ሳምንት ሙሉ?» ብለው ጠየቁኝ። «መዝሙሩን ጨርሳለች» አልኳቸው። ያኔ «የፊተኛውን ደብዳቤዋን አምጪና አንብቢልኝ፤ ባለፈው እንዳነበብሽው አይደለም፤ እሷ እንደጻፈችው» አሉኝ። አውቀውብኛል ለካ። ቃል በቃል አነበብኩላቸው። አፈርኩ፣ ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ እንደ ተማሪ ፊቴ ቀላ።

አሁን የተናገሩትን እጽፍልሻለሁ፤ ነጠላ ሰረዝ አልጨመርኩም።

«እሷ ምን አጠፋች? ያለውን ነው የተናገረችው። ቃሉን አወጣች እንጂ አልፈጠረችውም። ልጆቼን በማዕድ ዙሪያ ሰብስቤ የእግዚአብሔር ያልሆነውን የእግዚአብሔር ነው ብዬ ያጎረስኩ እኔ ነኝ። ሰው የሳቀው በመጽሐፉ ላይ ነው፤ ያሳቅሁትም እኔ ነኝ። በየትኛው ፊቴ ነው ያ ወንበር ላይ የምቀመጠው?»

ሌላም ያልነገርኳችሁ አለ። እዚህ ከመጡ ጀምሮ ጠረጴዛ ላይ አልተቀመጡም። ሳህናቸውን ይዘው መስኮቱ ጋ ቆመው ነው የሚበሉት። «ጉልበቴን ላፍታታ ነው» ይሉኛል። ሐኪሙም ዓይናቸው ከዚህ እንደማይሻል የነገራቸው እዚህ በመጡ በሦስተኛው ቀን ነው። ሕክምና የሚባል ነገር የለም። እዚህ የተቀመጡት ወደዚያ መመለስ አፍረው ነው።

ስለ ጉባኤው የጠየቅሽውንም ሰምተዋል። መልስ አልሰጡም። እኔም አልሞላልሽም።

እቴቴ

ስለ ሾርባዬ ያልሽውንም በሁለተኛው ንባብ አንብቤላቸዋለሁ። ከመጡ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

---

ኅዳር 7

ለአባባ፤

እቴቴ፣ ይህን እንዳለ አንብቢ። የፊደል ስህተት ካለበት ከነስህተቱ።

አባባ፣ ስለ ጉባኤው የጻፍኩትን መስመር ሳስብ ጆሮዬ ድረስ ይግለኛል። ይቅርታ ሲደርሰኝ መጀመሪያ ያሰብኩት ጥፋቴን እንዴት አሳንሼ እንደምደግመው ነበር። «ካሮቱን ብቻ» ብያለሁ። አባዬ ስለ ምስማሩ ልክ ነበር። ይቅርታው የእርስዎ አልነበረም፤ እኔም ገና አልጠየቅሁም ነበር ማለት ነው። የመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ እንኳ ሳቁን ስጽፍ ትንሽ ተኩራርቼበት ነበር። መለስ ብለው ያስቡት፤ የመዘምራኑ መሪ እንዴት እንደተንከባለለች ሁሉ ጽፌልዎታለሁ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው እሱን ምን አመጣው?

«ጭውውቱን አድርገሽዋል ወይ?» ብለው አስጠይቀዋል። ጉባኤው ላይ ወጣሁ። ለመዘምራኑ መሪ እሺ ብያት ስለነበር ስሜን አንድ ጎበዝ ኮሜዲያን እንደሚጠራ አድርጋ ጠራችኝ። ካፖርት አልለበስኩም። ገና ከመናገሬ መሳቅ ጀመሩ። «አያቴ ጥፋታቸውን በማዕድ የነገሩን አምነውን ነው» አልኩ፤ ሳቁ። «እኔ ያንን ሰርቄ እዚህ ሸጥኩት» አልኩ፤ የባሰ ሳቁ፤ ቀልዱ ሊመጣ ነው ብለው ይጠብቁ ነበር። አባባ፣ ሰው እያለቀሰ ሲሳቅበት እንዴት እንደሆነ ያኔ ገባኝ። አዎ፣ አለቀስኩ። ንፍጤም መጣ። ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ጸጥ አሉ፤ መጨረሻ ላይ የሚሰማው የማይክራፎኑ ጩኸት ብቻ ነበር። ምን ብዬ እንደወረድኩ አላስታውስም። ቤታችን ከመጡት ሽማግሌዎች አንዱ፣ ሁልጊዜ ሳል የሚይዛቸው፣ ከመቀመጫቸው ተነስተው «እኛም ስቀን ነበር» አሉና ተቀመጡ። ሌላ ነገር አላሉም። እንዲያውም አልሳሉም።

ማታ እራት ላይ አባዬ ያነበበው የሉቃስን ነው፤ ያ ገንዘቡን ጨርሶ የተመለሰውን ልጅ፣ አባቱ ከሩቅ አይቶት የሮጠለትን። እንደ እንጨት ልክ ነው ያነበበው፤ እኔ ግን ሹካዬን አስቀመጥኩ። አባባ፣ የእርስዎ ቃል ከዚያ ነው የመጣው። ምዕራፍ የለውም፤ ግን አባት አለው። ያ አባት ልጁን በር ላይ አላቆመውም። እርስዎ ያደረጉት ጥፋት ቃሉ ውሸት መሆኑ አይመስለኝም። የእርስዎን ቃል የእርስዎ ነው አለማለትዎ ነው። «ፌንጣ፣ ነይ ግቢ፤ ወንበርሽ አልተነሳም» ቢሉኝም እገባ ነበር። ነቢይ አያስፈልገኝም ነበር፤ አያቴ ይበቁኝ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። መጽሐፉን እኔ አነባለሁ። የተጻፈውን ብቻ፤ አንድ ፊደል ሳልጨምር። ስጨርስ እዘጋውና እርስዎ የራስዎን ይናገራሉ፤ ስለ ካሮትም ቢሆን፣ ስለ ቁልፍም ቢሆን። እኛም የአባባ ነው ብለን እንሰማለን። ድንቡሼ ስነግረው «አባባ ካሉ እበላለሁ፤ ነቢዩን አላውቀውም» ብሏል።

ወንበርዎ ላይ ማንም አልተቀመጠበትም። እማዬ አንድ ቀን የታጠፈ ልብስ ልታስቀምጥበት ስትል ድንቡሼ ጮኸባት። ሳህንዎም ይወጣል፤ ባዶውን ይወጣል፣ ባዶውን ይታጠባል። የጠረጴዛውን ልብስ ግን ማንም አያጥፈውም። እማዬ እንዲሁ ታራግፈውና መልሳ ታነጥፈዋለች። «የተባለው እዚሁ ታጥፏል» ለማለት አፌ አይሆንልኝም፤ የዘረጋሁት እኔ ነኛ።

አንድ ነገር ብቻ ልመልስልዎት። የእርስዎ ነው፤ መጽሐፍ ውስጥ የለም፤ አምኜ ነው የምጽፈው።

ያፈረ አያት ከበር ውጭ አይቁም። ወንበሩ አልተነሳም፣ ሳህኑም አልተከደነም።

ያፈረችው
ፌንጣ

---

ኅዳር 16

ፌንጣ

ይህን የምጽፈው ራሴ ነኝ። ወረቀቱ ላይ ማስመሪያ አድርጌ ጠርዙን በጣቴ እየዳበስኩ ነው። መስመሩ መስመር ላይ ከወጣ አንቺ ፈልገሽ አንብቢው፤ ቃል ስትፈልጊ ጎበዝ ነሽ።

እቴቴ ልርዳዎት ብላኝ ነበር። እምቢ ብያታለሁ። እሷ ከረዳችኝ ሚኒስትር ነው የምመስለው።

ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አስነበብኩ። ሦስተኛውን ተቀምጬ ሰማሁት። ጠረጴዛው ላይ። ከሾርባው ሥር ያለውን አበባ አንቺ እንዳልሽው አየሁት፤ እኔ እንኳ አየሁት።

አሁን ጥፋቴን በስሙ ልጥራ። የጨመርኩትን ነግሬያችኋለሁ። ያልነገርኳችሁ ይህ ነው፤ ሸሽቻለሁ። ጥፋታችሁን በማዕድ ተናገሩ፣ ተናግራችሁም አብራችሁ ብሉ ብዬ ያሳደግኋችሁ ሰው፣ የራሴ ጥፋት ሲታወቅ ማዕዱን ጥዬ ሄድኩ። ያ ልጅ በእኔ ምክንያት የሰው ካሮት እየበላ በር በር ሲያይ ከረመ። ከጨመርኩት ሁሉ ይህ ይብሳል። ይቅር በሉኝ።

አንቺንም ይቅር ብዬሻለሁ። ይህን እቴቴ አልጨመረችውም። ሳቁ አሞኝ ነበር። አሁንም ያመኛል፤ አልዋሽሽም። ግን ከዳቦው ጋር ይወርዳል።

ቅዳሜ በአውቶቡስ እመጣለሁ። ድንቡሼን ንገሪው፤ በካሮቱ አይደለም የሄድኩት፣ በካሮቱም አይደለም የምመለሰው። ሆኖም ይብላ።

የጠረጴዛውን ልብስ አትጠፉት፤ እኔ ስመጣ አንቺና እኔ ሁለት ሁለት ማዕዘን እንይዛለን።

ወንበሬን ከድሮው ቦታ አንሱልኝና ከአንቺ ጎን አድርጉት። ዓይኔ ነው እንጂ የደከመው መጽሐፉን በቃሌ እችለዋለሁ። ስታነቢ አንዲት ቃል ብትጨምሪ እሰማለሁ።

አባባ